የሚከራየው ቅዝቃዜ፦ በኬሞ ጊዜ ፀጉር ለማትረፍ ቆብ መከራየት መቼ ያዋጣል?

የጡት ካንሰር ታካሚ ከሐኪሟ ጋር ስለ ቀዶ ሕክምናው፣ ስለ ኬሞውና ስለ ጨረሩ ተነጋግራ ስትጨርስ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የምታነሣው ስለ ፀጉሯ ነው። ከበሽታው ክብደት አንጻር የቅንጦት ጥያቄ ይመስላትና ታፍርበታለች። ጥያቄው ግን የሚያሳፍር አይደለም። ፀጉር ሲረግፍ ሕመሙ የታካሚዋ ምስጢር መሆኑ ያበቃል፤ ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም፣ የልጅ አስተማሪውም ማንም ሳይነግራቸው ያውቃሉ። በእኛ አገር ደግሞ ሴት ፀጉሯን መላጨቷ ከሐዘን ጋር ተያይዞ የኖረ ነውና፣ ባዶ ራስ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ማን እንደ ሞተባት ነው።

ይህን መርገፍ የሚቀንስ አንድ መንገድ አለ፦ መድኃኒቱ በደም ሥር በሚሰጥበት ጊዜ የራስን ቆዳ ማቀዝቀዝ። በአሜሪካ አገልግሎቱ በአብዛኛው በኪራይ የሚገኝ ሲሆን፣ ታካሚዋ ከኪሷ የምትከፍለው ገንዘብም ቀላል አይደለም። የሚከራየው ዕቃ ቆብ ይባል እንጂ ሥራውን የሚሠራው በትክክለኛው ሰዓት፣ በትክክለኛው መጠን፣ ያለ ማቋረጥ የሚቆይ ቅዝቃዜ ነው። ስለዚህ ኪራዩ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው መልስ ከቆቡ ዓይነት ይልቅ በመድኃኒቱ ስም፣ በፀጉሩ ጠባይና በአጋዥ ሰው መኖር ላይ ይወሰናል። እነዚህን በየተራ እንያቸው።

ቅዝቃዜው ምን ይሠራል?

በራሳችን ላይ ካለው ፀጉር 90 በመቶ የሚሆነው ምንጊዜም በማደግ ላይ ነው። በፀጉሩ ሥር ያሉት ሴሎች በሰውነታችን ውስጥ እጅግ ፈጥነው ከሚባዙት መካከል ይመደባሉ። ብዙዎቹ የኬሞ መድኃኒቶች የሚመቱት ደግሞ በፍጥነት የሚባዛን ሴል ነው፤ የካንሰሩን ከፀጉሩ ለይተው አያዩም። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ፀጉር በእፍኝ መውጣት የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

የራስ ቆዳ ሲቀዘቅዝ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ወደ ፀጉሩ ሥር የሚሄደው ደም ሲቀንስ አብሮት የሚደርሰው መድኃኒትም ይቀንሳል። ሴሎቹም ሲቀዘቅዙ ሥራቸው ይዘገያል፤ የሚወስዱት መድኃኒት ያንሳል፤ የደረሰባቸውም መድኃኒት እንደ ወትሮው አይጎዳቸውም። ለዚህ ውጤት የራስ ቆዳው ሙቀት ወደ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች መውረድ እንዳለበት ይታመናል። ሰዓቱም እንደ መጠኑ ወሳኝ ነው። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ሲገባ ቆዳው አስቀድሞ ቀዝቅዞ መቆየት ስላለበት ማቀዝቀዙ ከመድኃኒቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይጀመራል፤ በሚሰጥበት ጊዜ ሁሉ ይቀጥላል፤ ካለቀም በኋላ በደም ውስጥ ያለው መጠን እስኪቀንስ፣ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት፣ ከአንድ ሰዓት በታች እስከ ብዙ ሰዓት ይቆያል። የሁለት ሰዓት ሕክምና የነበረው የግማሽ ቀን ውሎ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሐኪሞች በረዶ በከረጢት አድርገው የታካሚን ራስ ሲያቀዘቅዙ ነበር፤ በ1979 ዶክሶሩቢሲን የተባለውን የኬሞ መድኃኒት በሚወስዱ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ሙከራ በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ወጣ። በ1990 ግን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ስለ ደኅንነቱና ስለ ውጤታማነቱ በቂ መረጃ አልቀረበም ብሎ የቆቦቹን ሽያጭ አስቆመ። ሥራው በአውሮፓ ቀጠለ። በእንግሊዝ ሀደርስፊልድ ከተማ የቢራ ማቀዝቀዣ ይሠሩ የነበሩ የፓክስማን ቤተሰቦች፣ እናታቸው በኬሞ ፀጉሯ ሲረግፍ የሙያቸውን ዕውቀት ወደ ራስ ማቀዝቀዣ መለሱት፤ የመጀመሪያው ማሽናቸው በ1997 በከተማው ሆስፒታል ተተከለ። አሜሪካ በሩን መልሳ የከፈተችው በ2015 መጨረሻ ለስዊድኑ ዲግኒካፕ፣ በ2017 ደግሞ ለፓክስማን ፈቃድ ስትሰጥ ነው።

ሁለት ዓይነት ኪራይ

አንደኛው የማሽን ነው። ማሽኑ የሚገኘው በሕክምና ማዕከሉ ውስጥ ሲሆን የቀዘቀዘ ፈሳሽ በራስ ላይ በተገጠመ ለስላሳ ቆብ ውስጥ ያለ ማቋረጥ ያዘዋውራል። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ማሽኑ ስለሆነ አንዴ ከተገጠመ በኋላ ቆብ መቀያየር የለም። ታካሚዋ የምትከፍለው በየሕክምናው ቀን ወይም በጠቅላላ ዋጋ ነው። ችግሩ ማሽኑ በሁሉም ማዕከል አለመኖሩ ነው።

ሁለተኛው በእጅ የሚቀያየረው ቆብ ነው። ኩባንያው ውስጡ ጄል ያላቸውን በርካታ ቆቦች ወደ ቤት ይልካል፤ ኪራዩ በወር ይታሰባል፤ ብዙውን ጊዜ የሚመለስ መያዣ ገንዘብም አለው። ቆቦቹ 30 ዲግሪ ከዜሮ በታች ገደማ መቀዝቀዝ አለባቸው። የቤት ፍሪዘር ብዙውን ጊዜ ከ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ብዙም ስለማይወርድ አይበቃም፤ ስለዚህ በሕክምናው ቀን ደረቅ በረዶ ይገዛል፤ ለአንድ ቀን ከ20 ኪሎ በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። ራስ ላይ ያለው ቆብ እየሞቀ ስለሚሄድ በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው በሌላ ይተካል። ይህን ደግሞ ክንዷ ላይ መድኃኒት የተሰካላት ሴት ብቻዋን ልትሠራው አትችልም። ነርሶቹም የእኛ ሥራ አይደለም ይላሉ። ባል፣ እኅት፣ ጓደኛ ወይም በክፍያ የሚሠራ ሰው ግድ ነው፤ ያም ሰው የቆቡን ሙቀት መለካት፣ ጥብቅ አድርጎ ማሰርና ሰዓት መያዝ መልመድ አለበት።

ደረቅ በረዶ የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሙቀቱ 78 ዲግሪ ከዜሮ በታች ስለሆነ በባዶ እጅ ቢይዙት ቆዳ ያቃጥላል። ወደ ጋዝ ሲለወጥ በተዘጋ መኪና ውስጥ አየሩን ይተካልና መስኮት ተከፍቶ ይጓጓዛል፤ የያዘውም ሳጥን ድፍን ተደርጎ አይታሸግም። ከመጠን በላይ የቀዘቀዘ ቆብ ያለ መከላከያ ከተደረገ ግንባርንና ጆሮን በብርድ ሊያቆስል ስለሚችል በነዚህ ቦታዎች ላይ ለስላሳ ልባስ ይደረጋል። በእጅ የሚቀያየሩት ቆቦች እንደ ማሽኖቹ የመንግሥት ፈቃድ የላቸውም፤ ይህ ማለት ግን አይሠሩም ማለት አይደለም፤ ውጤታቸው በአጠቃቀሙ ላይ ይበልጥ የተንጠለጠለ ነው ማለት እንጂ።

ተስፋው ምን ያህል ነው?

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ሁለት ጥናቶች አብረው ወጡ። በፓክስማን ማሽን በተደረገው ከ95 ሴቶች 48ቱ፣ ማለትም ግማሽ ያህሉ፣ ፀጉራቸውን አተረፉ፤ ካልቀዘቀዙት 47 ሴቶች ግን አንዲትም አላተረፈችም። በዲግኒካፕ በተደረገው ደግሞ ከ101 ሴቶች 67ቱ ተሳካላቸው፤ ካልቀዘቀዙት 16 ውስጥ እንደገና አንድም የለም።

እነዚህን ቁጥሮች ስናነብ "ማትረፍ" ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። በጥናቶቹ ስኬት ተብሎ የተቆጠረው ከግማሽ የማይበልጥ ፀጉር መርገፍ ነው። ማንም ሳያውቅብኝ ያልፋል የምትል ታካሚ ልክ ልትሆን ትችላለች፤ ምንም አይረግፍብኝም የምትል ግን ታዝናለች። ፀጉሩ ይሳሳል፤ አናት ላይ ወይም ቆቡ በደንብ ባልነካበት ቦታ ክፍተት ሊፈጠር ይችላል። ቅንድብና ሽፋሽፍት ከቆቡ ውጭ ስለሆኑ አይድኑም።

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት የሚመጣው ከመድኃኒቱ ነው። በሆላንድ 1,411 ታካሚዎችን የተከታተለ መዝገብ በ2012 ባወጣው ውጤት፣ በአማካይ ግማሹ ታካሚ ዊግም ሆነ ሻሽ ሳያስፈልገው ሕክምናውን ጨርሷል። አማካዩ ግን ብዙ ይሸፍናል፦ ፓክሊታክሰል ከወሰዱት 95 በመቶው ያለ መሸፈኛ ሲጨርሱ፣ ዶሴታክሰል፣ ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ በአንድነት ከወሰዱት የጨረሱት 8 በመቶው ብቻ ናቸው። አንድ ዓይነት ቆብ፣ አንድ ዓይነት ቅዝቃዜ፣ ግን በ95 እና በ8 መካከል ያለ ልዩነት። በጥቅሉ እንደ ፓክሊታክሰል ያሉ የታክሰን ወገን የሆኑት ለማቀዝቀዝ ይመቻሉ፤ ቀይ ቀለም ያለው ዶክሶሩቢሲንና ወገኖቹ ግን ያስቸግራሉ። ስለዚህ ኪራይ ለመጠየቅ ስልክ ከመደወል በፊት ሐኪሙን "የመድኃኒቶቼ ስም ምንድን ነው? በምን ቅደም ተከተል ይሰጡኛል?" ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ሹሩባ፣ ቅቤና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር

ያው የሆላንድ መዝገብ ሌላም ነገር አሳይቷል፦ የምዕራብ አውሮፓ ዓይነት ያልሆነ ፀጉር ያላቸው ታካሚዎች መሸፈኛ የማስፈለግ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። በ2021 የታተመ፣ በዋሺንግተን ዲሲ አካባቢ የተደረገ ትንሽ ጥናት ነገሩን ይበልጥ አጎላው። 15 ጥቁር ታካሚዎች በማሽን ቢቀዘቅዙም ስኬት የተባለውን ደረጃ ያገኘችው አንዲት ብቻ ስለነበረች ጥናቱ ከታቀደው ቀድሞ ተዘጋ። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖረው ብዙ ሺህ ኢትዮጵያዊ ይህ የሩቅ ዜና አይደለም።

ምክንያቱ የዘር አይመስልም፤ የሙቀት ጉዳይ ነው። ቅዝቃዜው ወደ ራስ ቆዳ የሚደርሰው ቆቡ ቆዳውን በተጠጋ መጠን ነው። ጥቅጥቅ ያለና የተጠቀለለ ፀጉር በመካከሉ አየር ይይዛል፤ ለራስ ቆዳው እንደ ጋቢ ሆኖ ከብርዱ ይከላከልለታል። ቆቦቹም ሲቀረጹ በአብዛኛው ዘርዘርና ቀጥ ያለ ፀጉር ታስቦ ነው።

መፍትሔው የፀጉሩን ከፍታ መቀነስ ነው። በኒው ዮርክ ብሮንክስ በሚገኘው የሞንቴፊዮሬ ሕክምና ማዕከል የተሞከረው ዘዴ ለኢትዮጵያዊት ሴት አዲስ አይሆንባትም፦ ፀጉርን ከቆዳው ጋር አስጠግቶ መሠራት፣ ወይም በውሃና በኮንዲሽነር በደንብ አርሶ ማስተኛት። በዚህ መንገድ የተገኘው ውጤት ከቀደመው የተሻለ ተስፋ ሰጥቷል። ሹሩባ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ በመስመሮቹ መካከል ቆዳው ስለሚገለጥ ቅዝቃዜው መንገድ ያገኛል። ጥንቃቄው ሁለት ነው። ሹሩባው ሥሩን እስኪያሳምም ድረስ መጥበቅ የለበትም፤ የተዳከመ ሥር መጎተትን አይችልም። የተቀጠለ ሰው ሠራሽ ፀጉርም መውጣት አለበት። ውሃው ቅዝቃዜውን ለማስተላለፍ ይረዳል፤ ቅቤ ግን የውሃውን ቦታ አይተካም፤ በዚያ ብርድ ከመቅለጥ ይልቅ ይረጋል።

የቤት እንክብካቤውም ይለወጣል። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሻምፑ መታጠብ፣ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ ቀስ ብሎ ማበጠር፣ ካስክ፣ ፓይስትራ፣ ቀለምና ማለስለሻ መተው የተለመዱት ምክሮች ናቸው። የሚረግፈው ፀጉር በተጠቀለለው ውስጥ ተይዞ ይቀርና ስለሚቋጠር፣ ሹሩባውን ለወራት ሳይፈቱ መተው አይመከርም።

ኪራዩን በሂሳብ

ለአንድ ሙሉ ሕክምና የሚወጣው ገንዘብ በአሜሪካ ብዙ ጊዜ ከ1,500 እስከ 3,000 ዶላር ሲገመት እንሰማለን። ከዚህ ግምት ይልቅ የሚጠቅመው የሂሳቡን አሠራር መረዳት ነው። ለምሳሌ ያህል በእጅ የሚቀያየረው ቆብ ወርኃዊ ኪራይ 400 ዶላር፣ የአንድ ቀን ደረቅ በረዶ 40 ዶላር፣ የማሽኑ የአንድ ቀን ዋጋ 250 ዶላር ነው እንበል።

በየሳምንቱ ለ12 ሳምንት ፓክሊታክሰል የምትወስድ ሴት ቆቡን ለሦስት ወር ትከራያለች፦ 1,200 ዶላር፤ በረዶው 480፤ ድምሩ 1,680 ይሆናል። በማሽን ከሆነ 12 ጊዜ በ250 ሲባዛ 3,000 ነው። ዶሴታክሰልና ሳይክሎፎስፋማይድ በየሦስት ሳምንቱ አራት ጊዜ የምትወስደው ሴት ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን 63 ቀን ስላላት እርሷም ሦስት ወር ትከራያለች፦ ከበረዶው ጋር 1,360 ዶላር። በማሽን ግን አራት ጊዜ ብቻ ስለሆነ 1,000 ይበቃታል። ሕጉ እንግዲህ ይህ ነው፤ ሕክምናው ቶሎ ቶሎ ከሆነ በወር የሚከፈለው ይረክሳል፤ ቀናቱ ጥቂትና የተራራቁ ከሆኑ በቀን የሚከፈለው ይረክሳል። አንዳንድ የማሽን አቅራቢዎች ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳያስከፍሉ ጣሪያ ስለሚያስቀምጡ፣ ይህ ጣሪያ መኖሩን መጠየቅ ሂሳቡን ሊገለብጠው ይችላል።

ውሉ ሲነበብ የሚዘነጋ ነገር አለ። ኬሞ በነጭ የደም ሴል ማነስ ወይም በትኩሳት ምክንያት አንድና ሁለት ሳምንት መዘግየቱ የተለመደ ነው። በወር የሚከፈል ኪራይ ግን ታካሚዋ ቤት በተኛችበትም ሳምንት ይቆጥራል። ሕክምናው ቢዘገይ፣ መድኃኒቱ ቢለወጥ ወይም ፀጉሩ በሁለተኛው ዙር ቢረግፍ ኪራዩ እንዴት እንደሚቆም፣ መያዣው መቼ እንደሚመለስ፣ የመላኪያውንና የመመለሻውን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ በጽሑፍ መያዝ አለበት።

መድን ለረጅም ጊዜ ይህን ወጪ እንደ ውበት ጉዳይ ቆጥሮ ሲሸሸው ኖሯል። አሁን እየተለወጠ ነው። በማሽን ለሚደረገው ማቀዝቀዝ በ2021 ጊዜያዊ የክፍያ መለያ ቁጥሮች፣ ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ቋሚ ቁጥሮች ተሰጥተዋል፤ ኒው ዮርክም ከዚያው ዓመት ጀምሮ ትላልቅ የቡድን መድኖች እንዲሸፍኑት በሕግ ደንግጋለች። በእጅ የሚቀያየረው ቆብ በእነዚህ ቁጥሮች አይጠቃለልም። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ከ2016 ጀምሮ የሚሠራው ሄርቱስቴይ የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት የተወሰነውን ይደጉማል። በእንግሊዝ ያለች ታካሚ ግን ኪራይ ከመፈለጓ በፊት ሆስፒታሏን ትጠይቅ፤ በብዙዎቹ የመንግሥት ሆስፒታሎች አገልግሎቱ በነጻ ይሰጣል።

ለማን አይሆንም?

እንደ ሉኪሚያና ሊምፎማ ያሉ የደም ካንሰሮች ያሉባቸው ሰዎች እንዲያቀዘቅዙ አይመከርም፤ የካንሰሩ ሴሎች መድኃኒቱ በማይደርስበት የራስ ቆዳ ውስጥ ሊሸሸጉ ይችላሉና። በብርድ ቆዳቸው የሚያብጥ ወይም ደማቸው በቅዝቃዜ የሚረጋ የተለየ ሕመም ያለባቸውም መተው አለባቸው። በጡት ካንሰር በኩል የነበረው ስጋት ካንሰሩ በቀዘቀዘው የራስ ቆዳ ላይ ይመለስ ይሆን የሚለው ነበር፤ እስካሁን የተሰበሰቡት ጥናቶች ባቀዘቀዙትም ሆነ ባላቀዘቀዙት ሴቶች ዘንድ ይህ ከ100 አንድ እንኳ የማይሞላ መሆኑን ያሳያሉ።

የቀሩት ችግሮች የሚታገሡ ናቸው፦ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች የሚያይል ብርድ፣ ራስ ምታት፣ አንዳንዴ ማቅለሽለሽ። ብርድ ልብስና ትኩስ ሻይ ይረዳሉ። ብርዱን መታገሥ ያልቻለች ሴት ማቀዝቀዙን ብታቋርጥ ሕክምናዋ አይጎዳም።

ወደ አገር ቤት ለመላክ ለሚያስቡ

ዘመዳቸው አዲስ አበባ ኬሞ የጀመረችላቸው ሰዎች ቆብ ገዝተው ስለ መላክ ያስባሉ። ሐሳቡ የፍቅር ነው፤ ነገር ግን ቆቡ ብቻውን ምንም አይሠራም። 30 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚያወርድ ፍሪዘር ወይም ደረቅ በረዶ፣ በሕክምናው ክፍል ለብዙ ሰዓት የሚቀመጡበት ቦታ፣ የሚቀያይር ሰውና የሐኪሙ ፈቃድ አንድ ላይ ካልተገኙ የተላከው ገንዘብ ለመድኃኒትና ለምርመራ ቢውል ይሻላል። ነጠላና ሻሽ፣ ለሙስሊሟም ሂጃብ፣ የዘወትር ልብስ በሆኑበት አገር ራስን መሸፈን ዓይን አይስብም። ይህ ሐዘኑን ባያጠፋውም ምስጢር ለመጠበቅ ይረዳል።

ከመፈረም በፊት

እንግዲህ ውሳኔው በአምስት ጥያቄዎች ይጠቃለላል። መድኃኒቴ ከሚመቹት ነው ወይስ ከሚያስቸግሩት? ማዕከሉ ማሽን አለው ወይስ በእጅ የሚቀያየረውን ቆብ እንድጠቀም ይፈቅድልኛል? ከጠዋት እስከ ማታ አብሮኝ የሚውል ሰው አለኝ? በእኔ ዓይነት ፀጉር ላይ ቆቡን ያሰረ ባለሙያ አለ? ውሉስ ሕክምናው ሲዘገይ ምን ይላል? ሳምንታዊ ፓክሊታክሰል የሚሰጣትና አጋዥ ያላት ሴት ገንዘቡን ብታወጣ ምክንያት አላት። ዶሴታክሰል፣ ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ በአንድነት የምትወስደው ደግሞ በዚያው ገንዘብ ጥሩ ዊግ ገዝታ የተረፈውን ለቤቷ ብታደርገው ማንም አይፈርድባትም፤ ኬሞው ካለቀ በኋላ ባሉት ወራት ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ እያደገ ይመለሳል።

የሚያከራየው ኩባንያ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ለማድረስ ካልቻለ ወይም መድኑ ገና መልስ ካልሰጠ የሚቀረው ቆቡ ይሁን፤ የኬሞው ቀን ለፀጉር ተብሎ አንድ ቀን እንኳ አይገፋ።